ከላይ ጸሎት፣ ከታች ሰንሰለት
የጆን ኒውተን የሕይወት ታሪክ

በዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ ማታ ማታ ከጥናት በኋላ አንድ ወዳጃችን ደጋግሞ የሚያወጋን ታሪክ ነበር። አንድ እንግሊዛዊ የባሪያ መርከብ አለቃ ባሮች ጭኖ በውቅያኖስ መካከል ሲሄድ ብርቱ ማዕበል ይነሣበታል፤ ሞት ከፊቱ ሲደቀን ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ ማዕበሉ ጸጥ ሲልለት ልቡ ይሰበርና መርከቡን ወደ አፍሪካ ይመልሳል፤ የጫናቸውን ሰዎች ሰንሰለታቸውን ፈትቶ ወደየአገራቸው ያሰናብታል፤ ከዚህም በኋላ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመረውን፣ በአማርኛ «አስደናቂ ጸጋ» ልንለው የምንችለውን መዝሙር ይደርሳል። ወዳጃችን ይህን ሲያወጋ ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጠው ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ ይህ ሰው ራሱ የጻፈውን የሕይወት ታሪክና በመርከብ ላይ ሳለ ይይዘው የነበረውን የዕለት መዝገብ አግኝቼ አነበብሁ። ማዕበሉ እውነት ነው፤ ጩኸቱም እውነት ነው። መርከቡ ግን አልተመለሰም፤ ሰንሰለቱም አልተፈታም። እንዲያውም ሰውየው የባሪያ መርከብ አለቃ ለመሆን የበቃው ከማዕበሉ በኋላ፣ የሚጸልይና መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ነው። ይህን ባነበብሁ ዕለት ወዳጄ ያታለለኝ መስሎኝ ጥቂት ተቈጥቼ ነበር። ቈይቶ ግን እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይልቅ እንደ እኔ ላለ ሰው የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት፣ በዛሬው እሑድ ለአንባብያን ላቀርበው ወደድሁ።

ጆን ኒውተን በሎንዶን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ዋፒንግ በተባለው የመርከበኞች ሰፈር በ1725 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) አባቱ በሜዲቴራኒያን ባሕር የሚመላለስ የንግድ መርከብ አለቃ ነበረ። እናቱ ሃይማኖቷን አክባሪ ሴት ስትሆን፣ አንድ ልጅዋን ከአጠገቧ ሳትለይ ንባብና የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ታስተምረው፣ ሲያድግም ካህን እንዲሆንላት ትመኝ ነበር። ነገር ግን ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባቱ ሌላ ሚስት አገባ፤ ጆንም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር ወደ ባሕር ወጣ።

በልጅነቱ ስለ ነበረው ሃይማኖት ኒውተን ራሱ የጻፈው ነገር አስገራሚ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሦስት አራት ጊዜ ያህል ሃይማኖተኛ ሆኖ፣ ሦስት አራት ጊዜ ያህል ትቶታል። አንድ ጊዜማ ሦስት ወር ሙሉ ሥጋ ሳይቀምስ ጾሞ፣ ቀኑን በንባብና በጸሎት አሳልፎ፣ ከንቱ ቃል ከአፌ ይወጣል ብሎ ሰው ሲጠይቀው እንኳ መልስ ለመስጠት ይሠጋ ነበር። ፊቱን አጥቊሮና ከሰው ተለይቶ ከመታየቱ በቀር ግን ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ነገር እንዳልነበረ በኋላ ተናግሯል።

በ1742 ከአባቱ ዘንድ ለጉዳይ ተልኮ ሲሄድ፣ በቻተም ከተማ የእናቱ ወዳጆች ወደ ነበሩት ወደ ካትሌት ቤተ ሰቦች ጐራ አለ። እዚያም ሜሪ የተባለችውን፣ ዐሥራ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላትን ልጅ አየና ወደዳት። ወደ ጃማይካ ሊወስደው የተዘጋጀ መርከብ እየጠበቀው መሆኑን እያወቀ፣ ሦስት ሳምንት እዚያው ቈይቶ መርከቡ ጥሎት እንዲሄድ አደረገ። የዚህች ልጅ ፍቅር ከዚያ ወዲያ በነበረው ክፉ ዘመን ሁሉ ከልቡ አልወጣም።

ክፉውም ዘመን አልዘገየም። በ1744 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲዋጉ የባሕር ኃይል አፋሾች ከመንገድ ይዘው «ሃሪች» በተባለው የጦር መርከብ ላይ አስገቡት። በአባቱ አማላጅነት ትንሽ ማዕርግ ቢሰጠውም፣ ከፕላይማውዝ ወደብ ከድቶ ሲጠፋ ተያዘ፤ በብረት ታሰረ፣ በመርከበኞች ፊት ተገረፈ፣ ማዕርጉንም ተገፈፈ። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው ሆኖ ነበር፤ ራሱ መካዱ አልበቃ ብሎት ባልንጀሮቹን ሃይማኖት ማስካድ ደስታው ሆነ። በ1745 መርከቡ በማዴይራ ደሴት ሳለ፣ ወደ ሴራሊዮን ከሚሄድ የንግድ መርከብ ጋር ሰው በሰው ሲለዋወጡ ኒውተን ተለወጠና ወደ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ከሕይወቱ ሁሉ እኔን ይበልጥ የነካኝ ነው። በሴራሊዮን ጠረፍ አጠገብ ፕላንቴን በሚባሉት ደሴቶች ባሪያ እየገዛ ለመርከቦች የሚሸጥ አንድ ነጭ ነጋዴ ነበር። ኒውተን ሀብት አገኛለሁ ብሎ ለዚህ ሰው ተቀጠረ። ብዙም ሳይቈይ በንዳድ ታሞ ተኛ። የነጋዴው ሚስት፣ በአገሯ የከበረች አፍሪካዊት፣ ጠላችው፤ ውኃ እንኳ በጊዜው የሚሰጠው አጣ። አንድ ቀን የተረፋትን ምግብ ከነሳሕኑ ልትሰጠው አስጠራችው፤ እጁ ደክሞ ስለ ነበር ሳሕኑ ከእጁ ወደቀ። እርስዋም ሣቀች እንጂ፣ ገበታው ሙሉ ሳለ ሌላ አልሰጠችውም። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ከእርሻው ሥራ ሥር ነቅሎ ጥሬውን ይበላ ነበር። ባሏም ከጉዞ ሲመለስ፣ ሰርቀኸኛል ብሎ በመርከቡ ላይ በሰንሰለት ያስረው ጀመር።

በዚያ ጊዜ በድብቅ ምግብ ያመጡለት እነማን ነበሩ? ለመሸጥ በሰንሰለት ታስረው የነበሩት ባሮች ናቸው። ለራሳቸው ከማትበቃቸው ከዕለት ድርጓቸው ቀንሰው፣ ጌታዋ እንዳታያቸው ተደብቀው ለነጩ ልጅ ያጐርሱት ነበር። ይህን የጻፈው ራሱ ኒውተን ነው። ስማቸውን ግን አልጻፈም፤ ምናልባትም አልጠየቃቸውም ይሆናል።

ተማሪ አንባቢዎቼን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ከእጁ ያልጠፋ አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ ይኸውም የኤውክሊድ ጂኦሜትሪ ነው። ሰው በማያየው የደሴቱ ዳርቻ ተቀምጦ በአሸዋው ላይ በእንጨት ሦስት ማዕዘንና ክብ እየሣለ፣ ያለ አስተማሪ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች አጥንቶ ጨረሰ። በርሃብና በዕርቃን ሆኖ ጂኦሜትሪ የሚያጠና ሰው ካለ፣ መብራት ጠፋ ብለን ጥናት የምናቋርጥ እኛ ምን እንላለን?

ደግሞ የሎሚው ነገር አለ። አንድ ቀን ኒውተን ለጌታው የሎሚ ችግኝ ሲተክል ጌታውና እመቤቱ ቆመው ያዩት ነበር። ነጋዴውም እያፌዘ፣ እነዚህ ዛፎች አድገው እስኪያፈሩ ድረስ አንተም አገርህ ገብተህ የመርከብ አለቃ ሆነህ ትመለስና ፍሬውን ትለቅም ይሆናል አለው። ለኒውተን ይህ የፖላንድ ንጉሥ ትሆናለህ ከመባል አይለይም ነበር። ሎሚውን ግን አንባቢ አይርሳው፤ እንመለስበታለን።

አባቱ ልጁ የደረሰበትን ሲሰማ፣ በሊቨርፑል የሚኖረውን የመርከብ ባለቤት ወዳጁን ጆሴፍ ማኔስቲን ለመነ፤ በ1747 ከማኔስቲ መርከቦች አንዷ «ግሬይሀውንድ» ኒውተንን ከጠረፉ ላይ አግኝታ ጫነችው። ኒውተን ያን ጊዜ ወደ ሌላ ነጋዴ ተዛውሮ ኑሮው ተሻሽሎለት ስለ ነበር፣ ካፒቴኑ በአገርህ ትልቅ ውርስ ይጠብቅሃል ብሎ በሐሰት አባብሎ ነው ያሳፈረው። በመርከቡም ላይ የኒውተን አፍ እጅግ ክፉ ስለ ነበር፣ ስድብ የለመደው ካፒቴን ሳይቀር ይገሥጸው ነበር።

መርከቧ ወደ አገሯ ስትመለስ በመጋቢት ወር 1748 በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል አገኛት። ኒውተን ከተኛበት ሲነቃ ክፍሉ ውኃ ሞልቶት ነበር። ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ካፒቴኑ ቢላዋ እንዲያመጣ ስላዘዘው ተመለሰ፤ በእርሱ ፈንታ ቀድሞ የወጣው ሰው ወዲያው በማዕበል ተጠርጎ ሄደ። የመርከቧ አንድ ጎን ተቀድዶ ነበር። ባትሰምጥ የቀረችው ጭነቷ ሰምና ቀላል እንጨት ስለ ነበረ ነው። ኒውተን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ቀትር ውኃ ሲቀዳ ዋለ፤ ከዚያም በገመድ ታስሮ መሪውን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመ። በመካከሉ፣ ሳያስበው፣ እግዚአብሔር ይማረን የሚል ቃል ከአፉ ወጣ፤ ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣም ለእኔ ምን ምሕረት አለኝ ብሎ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ያህል፣ ለዐሥራ ሁለት ሰው በቀን ግማሽ የደረቀ ዓሣ እየተካፈሉ፣ በተሰበረች መርከብ ተንገላቱ። ካፒቴኑ ኒውተንን እንደ ዮናስ ቈጥሮ ወደ ባሕር ልጣለው እያለ ይዝትበት ነበር። በሚያዝያ ወር የመጨረሻው ምግባቸው በድስት ውስጥ ሳለ ወደ አየርላንድ ደረሱ። ኒውተን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የማዕበሉን ቀን በየዓመቱ ያስባት ነበር።

እንግዲህ የወዳጄ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። የኒውተን ግን አላበቃም።

በዚያው ዓመት ማኔስቲ በሌላ መርከብ ላይ የካፒቴኑ ምክትል አድርጎ ወደ አፍሪካ ላከው። ሥራው በትንሽ ጀልባ ከወንዝ ወደ ወንዝ እየዞሩ ባሪያ መግዛት ነበር። በ1750 ሜሪን አገባ፤ በዚያው ዓመት «ዱክ ኦቭ አርጋይል» የተባለው መርከብ አለቃ ሆነ። ከ1750 እስከ 1754 ሦስት ጊዜ ከሊቨርፑል ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ከዚያም ወደ አገሩ ተመላለሰ። በእሑድ ቀን መርከበኞቹን ሰብስቦ ሁለት ጊዜ ጸሎት ያደርስ ነበር። በመርከቡ ላይ ስድብና መሐላ ከለከለ። ላቲን ያጠና፣ ለሚስቱ ረዣዥም የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍ፣ ማለዳ ተነሥቶ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብ ነበር። ጸሎቱ የሚደርስበት የመርከቡ ወለል ለታችኛው ክፍል ጣራው ነው። በዚያ ውስጥ ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአንዱ እጅና እግር ከሌላው እጅና እግር ጋር በብረት ተቈራኝቶ፣ ተጋድመዋል።

በ1752 በተደረገው ጉዞ ባሮቹ ሊያምፁ መምከራቸው ታወቀ። የኒውተን የዕለት መዝገብ እንደሚያስረዳው፣ ምክሩ አስቀድሞ የተገለጠለት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ቀጥሎም ለአመፀኞቹ መሣሪያ አቀብለዋል የተባሉትን ልጆች በብረት አስሮ፣ እንዲናዘዙ አውራ ጣታቸውን በብረት መጭመቂያ አስጨመቃቸው። ምስጋናውና መጭመቂያው በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ብዕር ተጽፈዋል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሰውየው ግብዝ ነው አልሁ። ነገር ግን ግብዝ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ኒውተን ግን አላወቀም። በመጨረሻው ጉዞው ከመርከበኞቹም ከባሮቹም አንድ ሰው ስላልሞተበት፣ በሊቨርፑል ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ምስጋና አቀረበ። በዚያ ዘመን ባሪያ የጫነ መርከብ ብዙ ሬሳ ሳይጥል አይደርስም ነበርና ይህ ብርቅ ነገር ነው። ሰዎቹን ስለ ማኖሩ አመሰገነ፤ በሕይወት አድርሶ የት እንዳራገፋቸው ግን አልታሰበውም። ሥራው የወኅኒ ጠባቂ ሥራ መስሎ ስለሚከብደው፣ እግዚአብሔር ሌላ እንጀራ እንዲሰጠው ይለምን ነበር፤ ኀጢአት ነው ብሎ ግን አልተጠራጠረም። ልማድ፣ የሰው አርአያና ጥቅም ሦስቱ ተባብረው ዓይኑን ጋርደውት እንደ ነበር የተናገረው ኋላ ነው።

ወደ ሎሚው እንመለስ። ኒውተን የመርከብ አለቃ ሆኖ ወደ ፕላንቴን ደሴቶች ሄደ፤ ቀድሞ በችግኝ የተከላቸው ዛፎች አድገው አገኛቸውና ከመጀመሪያ ፍሬያቸው ለቀመ። ይህንንም እግዚአብሔር ከውርደት እንዴት እንዳነሣው ለማሳየት በደስታ ጽፎታል። እንግዲህ የቆመበት ምድር በሰንሰለት ያሉ ሰዎች ከድርጓቸው ቀንሰው ያጐረሱበት ምድር ነው፤ የመጣውም እንደ እነርሱ ያሉትን ሊገዛ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ይህ ሰው ግን ተወግቶ ረሳ፤ ደግሞም ለመውጋት ተመለሰ። በሎሚው ዛፍ ሥር የቆመው ኒውተን ከሞት የተረፈ፣ የሚጸልይ፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው መሆኑን ሳስብ የማዕበሉ ታሪክ ያንሰብኛል።

በዚህ ላይ እኛም እጃችንን ታጥበን የምንቆም አይደለንም። በአገራችንም ጾሙን የሚጾሙ፣ ታቦት የሚያስተክሉ ጌቶችና እመቤቶች በቤታቸው ባሪያ ነበራቸው፤ ባርነት ፈጽሞ በአዋጅ የተሻረው በ1942፣ በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው።

ኒውተን ሥራውን የተወው ሕሊናው ወቅሶት አይደለም። በኅዳር ወር 1754 ለአራተኛ ጉዞ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሚስቱ ጋር ሻይ ሲጠጣ በድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሐኪሞችም ወደ ባሕር እንዳይወጣ መከሩት። በሚቀጥለው ዓመት በሊቨርፑል ጉምሩክ የመርከብ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ጥሩ ሹመት ነበር፤ እሳትና ሻማ ያለው ቢሮ፣ ከአምሳ እስከ ስድሳ የሚደርሱ የበታች ሠራተኞች፣ በስድስት መቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ነበረው። አንዱን ሳምንት የሚገቡትን መርከቦች ይፈትሻል፤ ሌላውን ሳምንት በወደቡ የቆሙትን ይመረምራል። ሊቨርፑል በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የባሪያ ንግድ ዋና ከተማ ለመሆን በመገሥገሥ ላይ ነበረችና፣ ከሚያያቸው መርከቦች ስንቶቹ የቀድሞ ሥራውን የሚሠሩ እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም።

በትርፍ ሰዓቱ ግሪክና ዕብራይስጥ ያጠና ነበር፤ ካህን የመሆን አሳብም አደረበት። በ1758 ቢጠይቅ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለህም ተብሎ ተከለከለ። (ይህን የሚያነብ ባለ ዲግሪ በራሱ ላይ ቢሥቅ አልቀየመውም፤ እኔም ሥቄአለሁ።) ስድስት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ በ1764 ቅስና ተቀበለና ኦልኒ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተላከ። በዚያው ዓመት የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስድቡ፣ ስለ ክሕደቱና ስለ መዳኑ በሰፊው ተጽፏል። ስለ ባሪያ ንግድ ኀጢአትነት ግን የለበትም ማለት ይቻላል።

በኦልኒ የነበረው አገልግሎት መልካም ነበር። የከተማዪቱ ሰዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ዳንቴል የሚሠሩ ድኾች ነበሩ። ኒውተን የቄስ ልብሱን ትቶ በአሮጌው ሰማያዊ የመርከበኛ ኮቱ በየቤቱ እየዞረ ይጠይቃቸው ነበር። ደመወዙ በዓመት ስድሳ ፓውንድ ያህል ሲሆን፣ ጆን ቶርንተን የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ለእንግዳና ለድኻ እንዲያውለው በዓመት ሁለት መቶ ፓውንድ ይሰጠው ነበር። ባለ ቅኔው ዊሊያም ኩፐር አእምሮው ታውኮ፣ እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ራሱን ሊያጠፋ በደረሰ ጊዜ፣ ኒውተንና ሚስቱ በቤታቸው ተቀብለው ከአንድ ዓመት በላይ አስታመሙት። ሃይማኖትን በሥራ መግለጥ ይህ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም። እነሆ፣ የኒውተን ነገር የሚከብደውም በዚሁ ነው፤ በአንድ ወገን እንዲህ የበራ ልብ በሌላው ወገን ገና ጨለማ ነበር።

ሁለቱ ወዳጆች ለጸሎት ስብሰባ የደረሷቸው 348 መዝሙሮች በ1779 በመጽሐፍ ታተሙ። «አስደናቂ ጸጋ» ከእነርሱ አንዱ ሲሆን፣ ኒውተን በ1772 መጨረሻ አዘጋጅቶት በ1773 የዘመን መለወጫ ዕለት ለምእመናኑ ያቀረበው ነው። ዛሬ የምንሰማው ዜማ ግን የእርሱ አይደለም፤ በ1835 በአሜሪካ አገር የተገጠመለት ነው። ኋላም በባርነት የነበሩት የአሜሪካ ጥቊሮች ልጆች ይህን መዝሙር የራሳቸው አደረጉት። ኒውተን ይህን አያውቅም።

በ1780 ወደ ሎንዶን ተዛወረና በባንኮች ሰፈር መካከል የሚገኘው የቅድስት ማርያም ዉልኖዝ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሆነ። በታኅሣሥ ወር 1785 አንድ የሃያ ስድስት ዓመት የፓርላማ አባል በምስጢር ሊያነጋግረው መጣ። ሰው እንዳያየው ሠግቶ፣ ከመግባቱ በፊት አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞረው። ይህ ወጣት ዊሊያም ዊልበርፎርስ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፒት የቅርብ ወዳጅ ነበር። ሃይማኖቱን የምር ስለ ያዘ፣ ፖለቲካውን ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለመግባት ያስብ ነበር። ኒውተን ግን አትተው አለው፤ እግዚአብሔር ለሕዝብህ ጥቅም ባቆመህ ቦታ ላይ ቆይ ብሎ መከረው። በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት ወጣት ሹማምንት ይህ ምክር ያለውን ዋጋ እነርሱ ያውቁታል። ዊልበርፎርስ በፓርላማ ቀረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ተነሣ።

በ1787 በሎንዶን የባሪያ ንግድን የሚቃወም ማኅበር ተቋቋመ። አሁን ጥያቄው ኒውተን ምን ይላል የሚለው ሆነ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ በአገሩ የተከበረ፣ በመጽሐፉ የታወቀ ቄስ ነው። ዝም ቢል የሚወቅሰው አልነበረም፤ ያደረገው ሁሉ በጊዜው በሕግ የተፈቀደ ነበረና። ጻፈ። በ1788 መጀመሪያ ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ ያለውን አሳብ በትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉም ለፓርላማ አባሎች ታደለ።

መጽሐፉ የሚጀምረው በኑዛዜ ነው። ኑዛዜው እጅግ የዘገየ መሆኑን፣ የሠራውን ክፉ ሊያስቀር እንደማይችል፣ ልቡ ዛሬ በሚንቀጠቀጥለት ሥራ ውስጥ አንድ ጊዜ መሣሪያ ሆኖ ማገልገሉ ዕድሜውን ሙሉ የሚያሳፍረው መሆኑን አልሸሸገም። ከዚያ በኋላ ልቅሶ የለም፤ ያየውን ይናገራል። ባሮቹ በመደርደሪያ ላይ እንዳሉ መጻሕፍት ጎን ለጎን እንዴት እንደሚጋደሙ፤ የክፍሉ ቁመት አንዳንድ ጊዜ ከአምስት ጫማ እንደሚያንስ፤ ጠዋት ሲከፈት ሕያውና ሬሳ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው እንደሚገኙ፤ በሴቶቹ ላይ የሚደረገውን ነውር ሁሉ ይዘረዝራል። አንድ የመርከብ ምክትል ሌሊት ያለቀሰበትን የአንድ ዓመት ሕፃን ከእናቱ እጅ ነጥቆ ወደ ባሕር እንደ ወረወረው ይተርካል። በአፍሪካ ካያቸው ሰዎች ሁሉ ርኅሩኆቹና ጨዋዎቹ ከአውሮፓውያን ጋር ጥቂት ግንኙነት የነበራቸው መሆናቸውንም መስክሯል። የአውራ ጣት መጭመቂያም ማየቱን ጽፏል። በማን ትእዛዝ እንደ ተሠራበት ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ አልተናገረም፤ ያን የምናገኘው በአሮጌው የዕለት መዝገብ ውስጥ ነው።

ከማዕበሉ እስከዚህ መጽሐፍ አርባ ዓመት ነው። ሥራውን ከተወ እንኳ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎታል። ይህን ያህል ዘመን የቈየ ንስሓ ንስሓ ይባላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እኔም ጠይቄአለሁ። የእርሱ መርከቦች ያራገፏቸው ሰዎች በ1788 አብዛኞቹ በአንቲጓና በሴንት ኪትስ የሸንኮራ እርሻዎች ላይ አልቀዋል፤ መጽሐፉ ለእነርሱ ምንም አልጠቀማቸውም። በሌላ ወገን ግን፣ የባሪያ መርከብ ባለቤቶች ንግዱ የዋህ ንግድ ነው፣ ባሮቹም በደስታ ይጓዛሉ እያሉ በፓርላማ በሚከራከሩበት ጊዜ፣ እኔ አለቃው ነበርሁ፣ ውሸታችሁን ነው ብሎ የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበር። ያን ለማለት የሚችል ሰው ደግሞ ራሱን ሳይከስስ ሊለው አይችልም። በ1788 በንጉሡ አማካሪዎች ፊት፣ በ1790 በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ።

በዚያው በ1790 ታኅሣሥ ወር ሚስቱ ሜሪ ሞተች፤ የቀብሯንም ስብከት ራሱ ሰበከ። ከዚያ ወዲያ ብቻውን አልኖረም፤ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የሚስቱ የወንድም ልጅ ትጦረው ነበር። ዓይኑ እየደከመ፣ ጆሮው እየደነቈረ፣ ማስታወሱም እየጠፋ ሄደ። በ1806 በትራፋልጋር ጦርነት ለተጎዱ ሰዎች ርዳታ ሲሰበሰብ ለመጨረሻ ጊዜ ሰበከ፤ የሚናገረውን እየረሳ፣ ስለ ምን ይሰብክ እንደ ነበር ሰው እያስታወሰው ነው የጨረሰው።

ፓርላማው በ1791 የዊልበርፎርስን አሳብ በ163 ድምፅ በ88 ጥሎት ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ በ1807 በ283 ድምፅ በ16 አለፈ፤ ሕጉም መጋቢት 25 ቀን 1807 ጸና። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ መርከቦች ከሦስት ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያንን ከአገራቸው አግዘዋል። ኒውተን ሕጉ ሲጸና በሕይወት ነበረ፤ በታኅሣሥ 21 ቀን በዚያው ዓመት በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። በመጀመሪያ በሎንዶን ቤተ ክርስቲያኑ ከሚስቱ አጠገብ ተቀበረ፤ በ1893 የሁለቱም ዐፅም ወደ ኦልኒ ተዛወረ።

በመታሰቢያ ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ቃል አስቀድሞ ራሱ ጽፎ ነበር። ከሓዲና ልቅ ሰው እንደ ነበረ፣ በአፍሪካም የባሮች ባሪያ ሆኖ እንደ ኖረ፣ በእግዚአብሔር ምሕረትም ተርፎ ሊያጠፋው ይደክም የነበረውን ሃይማኖት ለመስበክ እንደ ተሾመ ይናገራል። የባሪያ መርከብ አለቃ ስለ መሆኑ በድንጋዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።